በጅማ ዙሪያ የወንዝ ዳር መሬትን ለዱር እንስሳት ማቆየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጊልጌል ጊቤ ዳር መሬት ገዝቼ ለጉማሬውና ለወፎቹ ልተወው እችላለሁ?

መግዛት አይችሉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። የገጠር መሬት ሽያጭማ በአዋጅ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው። አርሶ አደሩ እጅ ያለው የይዞታ መብት ነው። ያርሳል፣ ይተክላል፣ ያወርሳል፣ በተወሰነ ገደብ ያከራያል፤ በላዩ ያፈራውን ዛፍና ቡና ይሸጣል። ከሥሩ ያለውን አፈር ግን አይሸጥም።

በሌላ አገር የተፈጥሮ ማኅበራት ረግረግ ገዝተው፣ አጥረው፣ ጠባቂ ቀጥረው ይይዛሉ። ያ መንገድ እዚህ ዝግ ነው። ክፍት የሆነው መንገድ ባለይዞታው የወንዙን ዳር ማረስና ማስጋጥ እንዲተው መስማማት፣ ያጣውን መክፈል፣ ከዚያም ስምምነቱን ቀበሌውና ወረዳው በሚያውቁት ወረቀት ማሰር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለዚህ ነው።

በወለድ አገድ፣ በውክልና ወይም በስጦታ ስም ብናደርገውስ? ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ያደርጋል፤ ብዙው ደግሞ ፍርድ ቤት ይቆማል። «100 ሺህ ብር አበደርኩት፣ እስኪመልስ መሬቱን ልጠቀም» የሚለው የወለድ አገድ ወረቀት ሽያጭን ለመሸፈን የተጻፈ መሆኑ ከታወቀ ፈራሽ ነው። የገጠር መሬት ስጦታም ለቤተሰብ አባል ካልሆነ አይጸናም፤ ውክልና ደግሞ ወካዩ በማንኛውም ቀን ሊሽረው ይችላል፣ ሲሞትም አብሮ ይሞታል። ለጥበቃ ሥራ ይህ ከሌላው ሁሉ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም መሬቱ ዋጋ የሚያወጣው ዛፉ ካደገ በኋላ ነው። ልጆቹ ክስ የሚያነሡትም ያኔ ነው።

የወንዝ ዳር መሬት የማን ይዞታ ነው? ከማን ጋር ነው የምንነጋገረው?

ሦስት ዓይነት ያጋጥማል። አንደኛው የግል ይዞታ ሲሆን፣ ከቀርሳ እስከ ኦሞ ናዳ ባለው የጊልጌል ጊቤ ሜዳ በቆሎ እስከ አፋፉ የሚዘራበት ቦታ በአብዛኛው ይኸው ነው። ሁለተኛው የወል መሬት ነው፤ ሰፈሩ ከብት የሚያሰማራበት ቄጠማና ረግረግ። ሦስተኛው መንግሥት የያዘው ደን ነው።

ብዙ ሰው ወደ ግል ይዞታው ይሮጣል፤ ከአንድ ሰው ጋር መስማማት ስለሚቀል። የወሉ ግን ጊዜ ቢወስድም የበለጠ ይዘልቃል። በደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደን ራሱን የቻለ የይዞታ ዓይነት ሆኖ ታውቋል፤ ስለዚህ አንድ መንደር በማኅበር ተደራጅቶ፣ ወሰኑን አስለክቶ፣ መተዳደሪያ ደንብ አጽድቆ የምስክር ወረቀት መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በለቴ-ጌራ ደን ውስጥ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን መንግሥት የልማት ተራድኦ ድጋፍ «ዋቡብ» የሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተቋቁመዋል፤ ስሙ «ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና» ከሚለው ኦሮምኛ ያጠረ ነው። ደኑን ይጠብቃሉ፣ በምላሹ የጫካ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማሉ። የወንዝ ዳር ማኅበርም በዚሁ ቅርጽ ሊሠራ ይችላል፤ በቡናው ፋንታ ሣሩ ይገባል።

ከመፈራረም በፊት ምን ምን መታየት አለበት?

የይዞታ ደብተሩን በዓይንዎ ይዩ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ከሆነ የማሳው ቁጥርና ካርታ አለው። ካርታውን ይዛችሁ ከአዋሳኞቹ ጋር ወሰኑን በእግር ዙሩ። አዋሳኝ ያልተገኘበት ልኬት በኋላ ጠብ ነው።

ቀጥሎ ሚስት። በደብተሩ ላይ ስሟ አለ፣ ፊርማዋ ከሌለ ውሉ ጎዶሎ ነው። ጅማ ዙሪያ ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ባለይዞታ ብርቅ አይደለም፤ ያ ማሳ በየትኛዋ ስም እንደተመዘገበ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ አጣሩ፣ ከባልየው አፍ ብቻ አትቀበሉ። ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆችም በሽምግልናው ቢቀመጡ ይመረጣል።

ከዚያ ማን እንደሚያርሰው። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ስምምነት የሚፈርሰው፦ ባለይዞታው ይፈርማል፣ የእኩል አራሹ ግን ምንም ሳያውቅ በመጋቢት በሬውን ጠምዶ ይመጣል። እሱም ድርሻውን ያጣልና ከክፍያው ውስጥ ይግባ። መሬቱ ለብድር ዋስትና የተያዘ ወይም አስቀድሞ ለሌላ የተከራየ መሆን አለመሆኑም ከዚያው መዝገብ ይታያል።

በመጨረሻ ከብቱ ውሃ የሚወርድበትን መንገድ ጠይቁ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ካርታ ላይ የሌለ መንገድ ነው። ከዘጉት አጥሩ ሳምንት አያድርም።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ውሉም በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ የአማርኛው ቅጂ ለራስዎ ይሁን። በምስክር ተፈርሞ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፣ አንድ ቅጂ ቀበሌው ጋ ይቀመጥ።

ሁለት ነገሮች ላይ ቃል በቃል ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው የወሰኑ አገላለጽ ነው። «ከውሃው ጫፍ 20 ሜትር» ብሎ የሚጀምር ውል በየካቲትና በነሐሴ ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ያመለክታል፤ ጊቤ በክረምት ከአልጋው ወጥቶ ሜዳውን ይሞላል፣ በበጋ ወደ መሃል ይሸሻል። «ከወንዙ አፋፍ» ብላችሁ፣ አፋፉ ማለት ደግሞ ዳሩ መናድ የሚጀምርበት ከንፈር መሆኑን ጽፋችሁ፣ በየ50 ሜትሩ የድንጋይ ምልክት ቅበሩ። ወንዙ ዳሩን እየበላ ከመጣስ? ምልክቱ ባለበት ይቆያል ወይስ አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል? ይህንንም አሁኑኑ ይወስኑ።

ሁለተኛው የአጠቃቀሙ ስም ነው። መሬቱን ያለ ሥራ ጥሎ የሚቀመጥ ባለይዞታ መብቱን ሊያጣ እንደሚችል አርሶ አደሩ ያውቃል፤ «ባዶ እንተወው» ሲሉት የሚሸሸውም ለዚህ ነው። ስለዚህ «ጥብቅ ቦታ» ወይም «ያልታረሰ» ከሚል ይልቅ «ለአገር በቀል ዛፍ፣ ለመኖና ለአፈርና ውሃ ጥበቃ የሚውል» ተብሎ ይጻፍ። እውነቱም ይኸው ነው። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና ግብሩን በየዓመቱ ማን እንደሚከፍል ይጠቀስ፤ ደረሰኙ በባለይዞታው ስም ይውጣ። ያ ደረሰኝ ከጎረቤት ክርክር ሲነሣ ከውሉ በፊት የሚታይ ማስረጃ ነው።

የኪራዩ ዘመን ለስንት ዓመት ይሁን?

የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130/1999 አርሶ አደሩ ከይዞታው እስከ ግማሽ ብቻ እንዲያከራይ ፈቅዶ፣ ዘመኑን በባህላዊ እርሻ እስከ 3፣ በዘመናዊ እስከ 15 ዓመት ወስኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ በፌደራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ወጥቷል፤ ስለዚህ የዓመቱን ቁጥር ከመሙላትዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ጣሪያ ከወረዳው ያረጋግጡ። ጣሪያው የቱም ይሁን፣ 3 ዓመት ለዛፍ ምንም አይደለም፤ በሦስተኛው ዓመት ዶቅማው ገና ወገብ ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ዕንቁላል በኪራይ ውል ላይ አይጣሉት። ኪራዩን ከሰፈሩ መተዳደሪያ ደንብና ከዓመታዊ የጥበቃ ክፍያ ጋር አጣምሩት፤ ውሉ ሲያልቅ ሣሩና ደንቡ ይቀራሉ።

ክፍያው ስንት መሆን አለበት?

በብር አትጀምሩ፣ በበቆሎ ጀምሩ። ባለይዞታው ከዚያ ቁራጭ መሬት በዓመት የሚያጣውን ቁጠሩ። ለምሳሌ ሩብ ሄክታር በጥሩ ዓመት 10 ኩንታል በቆሎ ይሰጣል እንበል። የዘር፣ የማዳበሪያና የጉልበቱ ወጪ 3 ኩንታል ቢያክል 7 ይቀራል። ከዚያው ቦታ አጭዶ የሚወስደው ሣር የ2 ኩንታል ዋጋ ካወጣ፣ መከፈል ያለበት የ5 ኩንታል ዋጋ ነው። ሒሳቡ በየዓመቱ በታኅሣሥ ባለው የአካባቢው ገበያ ዋጋ ይሠራ ተብሎ ውሉ ላይ ይግባ። በብር የተቆረጠ ክፍያ በሁለተኛው ዓመት ይቀልላል፣ በሦስተኛው ማረሻው ተመልሶ አፋፉ ላይ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የበጋው እርሻ። ረግረጉ ጠርዝ ላይ በእርጥበቱ የሚለማ በቆሎና አትክልት ካለ፣ እሱ የሚደርሰው ሌላው ጎተራ ባዶ በሆነበት ወቅት ነው። ለቤተሰቡ ከዋናው ምርት በላይ ዋጋ አለው። ያንን ሳይቆጥር የቀረበ ክፍያ ተቀባይነት አያገኝም፤ ቢያገኝም አይጸናም።

ግማሹ ከተከላ በኋላ፣ ግማሹ በጥር ችግኙ ከተቆጠረ በኋላ ይከፈል።

ከአፋፉ ስንት ሜትር ይበቃል?

የሚወሰነው ለምን እንደፈለጉት ነው። ከማሳ የሚወርደውን ደለል ለመያዝ በገራገር ተዳፋት ላይ ከ10 እስከ 15 ሜትር ጥቅጥቅ ያለ ሣር ብዙ ይሠራል፤ ቁልቁለቱ ሲበረታ ስፋቱ ይጨምር። ጉሬዛና ድኩላ እንዲመላለሱበት ከተፈለገ ግን ከ30 ሜትር በታች የሆነ ዛፍ አጥር እንጂ መኖሪያ አይሆንም። ሒሳቡን አስቀድመው ይሥሩ፦ በ1 ኪሎ ሜትር ወንዝ በሁለቱም ዳር 20 ሜትር ማለት 4 ሄክታር ነው፤ 30 ሜትር ከሆነ 6 ሄክታር። የተቆራረጠ ሦስት ቁራጭ ከመያዝ አንድ የተያያዘ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሻላል፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ነው የሚሄደው፣ መሃል ላይ ባዶ ማሳ ካለ ይቆማል።

የከብት መውረጃ በየ200 ወይም 300 ሜትሩ፣ ከ4 እስከ 6 ሜትር ስፋት ኖሮት ድንጋይ ይነጠፍለት። ዳሩ ጠጣር ከሆነ ቦታ ይመረጥ፤ ከወንዙ መታጠፊያ ውጪኛ ጎን ላይ አይሁን፣ ጎርፉ እዚያ ነው የሚቆፍረው።

ምን ይተከል? መቼ?

ውሃ ዳር አኻያ። በእጅ አውራ ጣት ውፍረት ያለው ከ70 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ቁራጭ ተዘጋጅቶ፣ ሁለት ሦስተኛው ወደ እርጥቡ አፈር ይገባል። ይህ በመስከረም መጨረሻ፣ ጎርፉ ሲጎድል ነው የሚሠራው፤ በሐምሌ ከተተከለ ነሐሴ ይወስደዋል። ከአፋፉ በላይ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብሳና። እነዚህ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ይተከላሉ። 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ከአንድ ወር በፊት ይቆፈር፤ የላዩ አፈር ለብቻ ተቀምጦ መጀመሪያ እሱ ይመለስ። በ2.5 ሜትር ርቀት ለሄክታር 1600 ችግኝ፣ በ3 ሜትር 1111 ይገባል።

የዶቅማ ዘር እንደ ሌላው አይቀመጥም። ከደረቀ ሞተ ማለት ነው። ፍሬው በስሎ ሲወድቅ ተለቅሞ፣ ሥጋው ታጥቦ በቀናት ውስጥ መዘራት አለበት። በጆንያ አድርቆ ለጥር ያስቀመጠ ችግኝ ጣቢያ አንድም አያበቅልም፤ ከዚያ «ዶቅማ አስቸጋሪ ነው» ይባላል። ሾላ ደግሞ በቁራጭ ይይዛል፤ ዘሩን ማሳደድ አያስፈልግም።

ለተከላ ደቦ ሲጠራ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ፕላስቲኩን ብቻ ይጠብቅ። ሰው ሲበዛና ዝናብ ሲያጣድፍ ችግኙ ከነፕላስቲኩ ይቀበራል፤ ሥሩ ውስጡ ይጠመዘዛል፣ በጥር ቅጠሉ ይወይባል። ነቅለው ሲያዩት ጥቁሩ ከረጢት እንዳለ ነው። የወጣው ፕላስቲክ ተቆጥሮ ከችግኙ ቁጥር ጋር እኩል መሆኑ ይረጋገጥ።

ረግረጉ ውስጥ ዛፍ አትትከሉ። ደንገል፣ ፊላና ቄጠማ ያለበት ክፍት ቦታ ራሱን የቻለ መኖሪያ ነው፤ ራሱ ላይ ወርቃማ ጉትዬ ያለው ረጅም እግር ወፍ ጎጆ የሚሠራው እዚያ ሣር መሃል እንጂ ዛፍ ላይ አይደለም። «አረንጓዴ አሻራ እናሳርፍ» ብሎ ቄጠማውን መቆፈር በቅን ልቦና የሚሠራ ጥፋት ነው።

ባህር ዛፉንስ ምን እናድርገው?

የባለቤቱ ነው፣ ገንዘቡም ነው። በግድ ቁረጥ ካሉት ጠላት ያተርፋሉ። አጣና ወይም ቋሚ ሆኖ ለገበያ እስኪደርስ ጠብቁትና በዚያው ዓመት ግንዱ እንዳያቆጠቁጥ ተስማሙ። ጉቶው ከመሬት ጋር እኩል ተቆርጦ፣ ቅርፊቱ እስከ ሥሩ ተልጦ፣ የሚያቆጠቁጠው በየወሩ ይመልመል። አንድ ክረምት ከተዘነጋ መልሶ ጫካ ነው። በረድፉ መሃል የአገር በቀሉን ችግኝ አንድ ዓመት ቀድሞ መትከል ባለቤቱ ባዶ መሬት እንዳያይ ያደርጋል።

ጉማሬው ማሳ ይበላል። ገበሬው እንዴት ይስማማል?

ይህ የሚመለሰው በሣር ነው። አንድ ትልቅ ጉማሬ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ይግጣል፤ ሲመሽ ይወጣል፣ የረገጠውን ዱካ ደጋግሞ ይጠቀማል። አፋፉ እስከ ጫፍ ከታረሰ መጀመሪያ የሚያገኘው በቆሎ ነው። በጅማ ከተማ አጠገብ ባለው በቦዬ ረግረግ ዙሪያ የሚሰማው ስሞታ መነሻው ይኸው ነው። ስለዚህ በጉማሬ ቦታ አጭር ሣር ያለው ክፍት ግጦሽ መተው ከዛፍ ይቀድማል፤ ሁሉንም በችግኝ መሙላት ጉማሬውን ወደ ማሳው መግፋት ነው። ማሳው በኩል ጥልቅ ቦይና ከቦዩ ጀርባ የአፈር ክምር ይሠራ፤ ዱካው ግን አይዘጋ። የተዘጋበት ጉማሬ ሌላ መውጫ ይከፍታል፣ ያ መውጫ ደግሞ የሰው መንገድ ሊሆን ይችላል። ልጆች ውሃ የሚቀዱበት ቦታ ከዱካው ይራቅ። መግደል ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999ን ለስብሰባ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፣ ግን ከአዋጁ በፊት ቦዩ ይቆፈር።

ዳሩን ጠበቅን፤ ከላይ የሚመጣው ውሃ ግን ቆሻሻ ነው። ምን ይደረጋል?

ሁለት ምንጭ አለው። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይሠራሉ፤ ስኳር የበዛበት ልቅላቂ ውሃ ወንዝ ሲገባ ተህዋስያኑ እሱን ሲበሉ ከውሃው ኦክስጅኑን ይጨርሳሉ። ወንዙ በዚያው ወቅት እየቀነሰ ስለሚሄድ ጉዳቱ ይከፋል። ጣቢያው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ከሥሩም የቬቲቨር ሣር ማሳ እንዲኖረው ይጠየቅ፤ ገለፈቱ ለብቻው ይከመርና ብስባሽ ይሁን። ጉድጓዱ አለ ተብሎ መተው አይገባም፤ በኅዳር ደርሶ ሞልቶ እየፈሰሰ እንደሆነ ይታይ።

ሌላው ጡብ ነው። ረግረጉ ዳር ጭቃው ተቆፍሮ፣ በባህር ዛፍ እንጨት ይተኮሳል፤ የሚቀረው ጉድጓድ ነው። እዚህ ላይ ወጣቶቹ ሌላ የገቢ ምንጭ ሳያገኙ የሚደረግ ክልከላ ቁፋሮውን ወደ ሌላኛው ዳር ያዛውራል እንጂ አያስቀረውም።

ከተማ ውስጥስ፣ አዌቱ ዳር?

አዌቱና ኪቶ የተባሉት ወንዞች ጅማ ከተማን አቋርጠው ውሃቸው ወደ ቦዬ ከዚያም ወደ ጊልጌል ጊቤ ይሄዳል። በከተማ ክልል ያለው መሬት በሊዝ የሚተዳደር ስለሆነ የገጠሩ የኪራይ ሕግ አይሠራም። የወንዙ ዳር በከተማው ፕላን ላይ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ከተያዘ ማኅበር አቋቁሞ ከከተማ አስተዳደሩ ጋር የእንክብካቤ ስምምነት መፈራረም ይቻላል። ማኅበሩ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መመዝገብ ይችላል።

መሥራቱን በምን እናውቃለን?

በጥር ከአሥር አንድ ችግኝ ይቆጠር፤ ከ70 በመቶ በታች ከጸደቀ ምክንያቱ ይፈለግ እንጂ ዝም ብሎ አይተካ፦ ከብት ነው፣ ምስጥ ነው ወይስ ፕላስቲኩ? በየወሩ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ድረስ፣ ከአንድ ቋሚ ቦታ ወፍ ይቆጠር፤ ከዚያው ቦታ ፎቶ ይነሣ። ለውሃው ደግሞ ድንጋይ መገልበጥ ይበቃል። ከሥሩ ጭራቸው ሦስት የሆነ ጠፍጣፋ ነፍሳት ከተንቀሳቀሱ ውሃው ይተነፍሳል። ቀይ ቀጭን ትል ብቻ ከቀረ፣ ከላይ የፈሰሰ ነገር አለና ወደ ላይ በእግር ይሂዱ።